ፕሮሰሰር ልንገዛ የሄድንበት ሐሙስ

እህቴ ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት፣ ዘመድ አዝማድ ባጠራቀመችው ገንዘብ ምን ማድረግ እንዳለባት መክሮ መክሮ ሲደክመው፣ «እኔ የምከፍተው ጌም ቤት ነው» አለች። አንደኛው አጎታችን ባጃጅ ግዢ ብለዋት ነበር። ሌላው የእህል መጋዘን። እናታችን ደግሞ እዚሁ መካነ ሰላም አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት እንድትሠራ ትፈልግ ነበር። ጌም ቤት ግን ከማንም አፍ አልወጣም። በመጨረሻ ባለ ባጃጁ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «አንተ መምህር ነህ፤ ይኼ ጌም የምትለው ምንድን ነው?» አሉኝ። «የጎረምሳ ማባከኛ ነው» አልኳቸው፤ ተናድጄ ነበር።

በመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የኮምፒውተር መምህሩ በቀረ ቁጥር የእሱን ክፍለ ጊዜ የምሸፍነው እኔ ስለነበርኩ፣ በከተማው ውስጥ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ቁንጮው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያምን ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ቁጡ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ደግሞ ይብስብኛል። እህቴ በአምስት ዓመት ታንሰኛለች። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ነው የሄደችው። እናም ኮምፒውተር ልግዛ ስትል መራጩ እኔ እንደምሆን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

ሌላም ነገር ነበረ፤ እውነቱን ልናገር። አባታችን የሞተው እሷ በሄደች በአራተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። ደውዬ መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ። «ኢና ሊላሂ» አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ ሰሃን እያጠብኩ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለሰደቃው ገንዘብ ላከች እንጂ ራሷ አልመጣችም። ከሰፈራችን ልጆች መካከል አሠሪዎቻቸውን ለምነው ለወላጅ ሐዘን የመጡ ነበሩ፤ ስለዚህ መምጣት እንደሚቻል አውቃለሁ። ዐረብ አገር ልቧን አደንድኖታል ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተናገርኩትም፣ ለእሷም አላነሳሁባትም፣ ግን ይዤባት ነበር።

ፓስፖርቷ እናታችን ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢዎቹ ሥር ተቀምጧል። ደላላው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደውላል። የድሮ አሠሪዎቿ በሥራዋ ረክተው ስለነበር ትመለስልን ይላሉ፤ ቪዛው ዝግጁ ነው። እሷም ለእናታችን ቁርጡን ነገረቻት፤ «እማ፣ አንድ ዓመት እሞክራለሁ። ሥራው ካኖረኝ እኖራለሁ። ካላኖረኝ ግን እዚህ ተቀምጬ የወንድሜን ደሞዝ አልካፈልም፤ እመለሳለሁ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ከየሶላቷ በኋላ ዱዓ የምታደርገው አይታው ስለማታውቀው ኮምፒውተር ሆነ። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ «ልጄ፣ ደህናውን ምረጥላት፤ ልጄን የሚያስቀርልኝ ያ ሣጥን ነው» አለችኝ። አብሽሪ አልኳት፤ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል አልኳት።

እህቴ ሐሳቧን አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከዐረብ አገር ይዛት የመጣችው ትንሽ ላፕቶፕ ለትየባ ትበቃታለች። ያን ጊዜ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ የገባበት ወቅት ነበርና፣ ወረዳው ውስጥ ያለ ባለሙያ ሁሉ የሚያስተይበው ወረቀት በብብቱ ይዞ ይዞራል። ለጌሙ ግን ጠንካራ ማሽን ያስፈልጋል፤ ገንዘቧ ደግሞ ከአንድ አያልፍም። ያ አንዱ ማሽን ጌም ብቻ ቢሠራ ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

«የገበያ ቀን አስበው» አለችኝ። «ከገጠር የሚመጣው ሁሉ አሁን ስልክ አለው። መንዙማ ጫኚልኝ ይላል፣ ዘፈን ጫኚልኝ ይላል፣ የልጄን ሠርግ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አድርጊልኝ ይላል። ቪዲዮው ለስልክ እንዲሆን መቀየር አለበት። የሚያመጡት ሚሞሪ ካርድ ሁሉ ቫይረስ ነው፤ መጣራት አለበት። ይኼ ሁሉ ከኋላ እየተሠራ፣ ከፊት ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ጆይስቲክ ይዘው ኳስ ይጫወታሉ። ጨዋታው አንዴ ከተንቀራፈፈባቸው ሁለተኛ አይመጡም። ስለዚህ ዋናው ነገር ፕሮሰሰሩ ነው።»

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል ነው ብዬ ለተማሪዎቼ የምለውን ደገምኩላት።

«እሱንስ አውቃለሁ ጋሼ። ባለ ስንት ኮር ይሻላል ነው የምልህ።»

ኮር የሚባለውን ነገር በመማሪያ መጽሐፋችን አላየሁትም ነበር። «እሱ የነጋዴ ማስታወቂያ ነው» አልኳትና ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩ።

መኪና ተሳፍረን ደሴ ልንሄድ ስንነሳ ገና በቀኑ ተጣላን። እኔ ማክሰኞ ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ሰኞ ሄደን ማክሰኞ እንግዛ አልኩ። እሷ ረቡዕ ሄደን ሐሙስ እንግዛ አለች። ለምን ብላት «ሐሙስ ይሻለኛል» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ሐሙስ የማስተምረውን ክፍል እንዲይዝልኝ ሌላ መምህር መለመን ነበረብኝ፤ ለምኜም ሰጠሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግን ፊቴን አልፈታሁላትም።

ያን ጊዜ አስፋልቱ ገና ስላልደረሰ ከመካነ ሰላም ደሴ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አቀስታ ስንደርስ አውቶቡስ ውስጥ ያለነው ሁሉ በአቧራ አንድ መልክ ይዘን ነበር። እዚያ ሻይ ስንጠጣ ቁጣዬ ትንሽ በረድ አለና ይህን የኮር ነገር ከማን እንደሰማችው ጠየቅኳት። የአሠሪዎቿ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር አለችኝ፤ ጌም እንደ እሷ የሚወድ ሰው አላየሁም አለችኝ። ልጅቷ ጨዋታው እየተያዘባት ስትሳደብ ከርማ፣ አንድ ቀን አዲስ ፕሮሰሰር አስመጥታ ኮምፒውተሩን ምንጣፍ ላይ ፈታችው። እህቴን የስልክ መብራት አስይዛ፣ ብሎኖቹን በእህቴ መዳፍ ላይ እያስቀመጠች፣ የምትሠራውን ሁሉ በዐረብኛ እየነገረቻት አደረገችው። ከዚያ ወዲያ እህቴ የልጅቷን ክፍል ስታጸዳ የኮምፒውተሩን ስክሪን ቆማ ማየት ልማዷ ሆነ። «ፕሮሰሰሩ ስንት ሥራ እንደያዘ የሚያሳይ ገጽ አለ» አለችኝ። «ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ ሳጥን አንድ ኮር ነው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ በለው። ውስጣቸው መስመር ይወጣል ይወርዳል። እዚያ ላይ አይቶ ማን እንደደከመው ማወቅ ይቻላል።» እኔ እንደገና ተሳፍረን ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ ሲመታን በመስኮቱ እያየሁ፣ ሰሃን አጣቢ ሆና ሄዳ ይህን ሁሉ የለቀመችው መቼ ነው እያልኩ አሰብኩ። አላመሰገንኳትም።

ደሴ አክስታችን ቤት አደርን። ሐሙስ ጠዋት የሄድንበት ሱቅ ፒያሳ አካባቢ ነበር፤ ባለቤቱ ከእኛው ወረዳ ከቦረና ወጥቶ ደሴ የከበረ ሰው ነው። ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። ባለ ባጃጁ አጎቴ ልከውን ስለነበር በስማችን ሳይሆን በአባታችን ስም ተቀበለን። አባታችን ያረፈባትን ዓመት ያስታውሳል፣ የእርሻችንን አቀማመጥ ያስታውሳል፣ ልጅ ሳለ አባታችን አንዴ ከጎርፍ እንዳሻገረው ሳይቀር ነገረን። በሃይማኖት ክርስቲያን ነው፤ ግን በየዐረፍተ ነገሩ ኢንሻአላህ ይላል። ወሎ እንዲህ ነው።

ገንዘባችን የሚችላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ነው። ፕሮሰሰሩ ሦስት ነጥብ አራት ጊጋኸርትዝ መሆኑን በትልቁ ጽፎበታል። ሁለተኛው ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ ከዱባይ የመጣ፣ ቢሮ ያገለገለ፣ ጥቁርና አቧራማ። እሱ ሁለት ነጥብ አምስት ነው። እህቴ ጎንበስ ብላ የታችኛውን አየችውና «ይኼስ ባለ ስንት ኮር ነው?» አለች።

«እሱ አራት ነው። የላይኛው ሁለት ነው» አለ ነጋዴው፤ ቀጥሎም ሳቅ ብሎ «ግን ፍጥነቱን አታይም እንዴ፣ እህት ዓለም!» አላት።

እኔም የምናገርበት ቦታ አገኘሁ። ድግግሞሽ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ሦስት ነጥብ አራት ከሁለት ነጥብ አምስት እንደሚበልጥ፣ ይህ አስተያየት ሳይሆን ፊዚክስ መሆኑን አስረዳሁ። ነጋዴው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «መምህር ማለት እንዲህ ነው» አለ። ባለ መብራቱን አብርቶ የኳስ ጌሙን ከፈተልን፤ ተጫዋቾቹ ይፈሳሉ፣ ሣሩ ሳይቀር ይታያል። እናቴን አሰብኩና ልቤ ደስ አለው።

ሰዓቱ ለምሳ ደርሶ ነበር። ነጋዴው ካልበላችሁ አትሄዱም አለ። የአባታችሁ ውለታ አለብኝ አለ፣ ክንዴን ያዘ። እህቴ «አላህ ይስጥልን፤ እኔ ጾመኛ ነኝ። ጋሼን ይዘውልኝ ይሂዱ» አለችው። ሐሙስ ሐሙስ እንደምትጾም ረስቼው ነበር፤ ነጋዴው ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ከሚስቱ ጋር ሱቁ ውስጥ ቀረች።

የወሰደኝ የእስላም ምግብ ቤት ነበር፤ ለእኔ ብሎ። ለእኔ ጥብስ አዘዘልኝና ለራሱ ሽሮ አዘዘ፤ የእስላም ሥጋ አይበላምና። ሽሮውን እያጠቀሰ ብላ እንጂ፣ ብላ እንጂ ይለኛል። ጥብሱ ሲያልቅ ሳይጠይቀኝ አስደገመው። እናቴን ጠየቀኝ፣ ደሞዜን ጠየቀኝ፣ ስለ መንገዱ አማረረ። ሒሳቡን መቼ እንደከፈለ እንኳ አላየሁትም። እጄን ታጥቤ ስወጣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደግ ሰው የገጠመኝ አይመስለኝም ነበር። ወደ ሱቁ ስንመለስ መንገድ ላይ «እንግዲህ ያችን ባለ መብራቷን ላሽግልህ?» አለኝ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ለእኔ ሥጋ ገዝቶ እሱ ሽሮ የበላ ሰው፣ እስኪ መጀመሪያ እንፈትነው ይባላል እንዴ?

«አሽጋት» አልኩት።

እህቴ ካስቀመጥናት ወንበር ላይ ናት። እንደጨረስን ነገርኳት። ፊቴን አየችው።

«ጋሼ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«ጥጋብ ይስጥህ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞራ፣ በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው እርጋታ «ካላስቸገርኩዎ አንድ ነገር ልሞክርበት?» አለችው።

እኔ ተሸማቀቅኩ። በእግሬ ነካ አደረግኳት፤ እግሯን ራቅ አደረገች። «ጨርሰናል እኮ» አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናንተ ጨርሳችኋል» አለችኝ። ነጋዴው ትንሽ ቅር እያለው ወንበሩን ለቀቀላት።

ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። አጅባር የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ከመካነ ሰላም ስንነሳ ይህን መያዟን አላወቅኩም። ጌሙን በትንሽ መስኮት ከፈተችና ጆይስቲኩን ለእኔ ሰጠችኝ። «ተጫወት» አለችኝ። መጫወት ጀመርኩ፤ ደህና ነው። ከኋላ የሠርጉን ቪዲዮ ለስልክ እንዲቀይር አዘዘችው። ቀጥላ ፍላሹን ለቫይረስ እንዲያጣራ አዘዘችው። ከዚያ ሦስት ቁልፍ በአንዴ ተጫነችና ያ በመንገድ የነገረችኝ ገጽ መጣ። ሁለት ሳጥኖች ናቸው። መስመሩ በሁለቱም ውስጥ ጣሪያ ነክቶ እዚያው ቀረ።

የእኔ ተጫዋቾች ደግሞ ጭቃ ውስጥ የገቡ መሰሉ። አንዱ ለመምታት እግሩን አንስቶ ቆመ። በረኛው የዘለለው ኳሷ መረቡ ውስጥ ካረፈች በኋላ ነው። ጆይስቲኩን ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ምንም የለም።

«መብራቱ ቀንሶ ይሆናል» አለ ነጋዴው ወደ አምፖሉ ቀና ብሎ።

«ይሆናል» አለች። አልተከራከረችውም፣ አላሳፈረችውም። «ካላስቸገርኩዎ ያችን የታችኛዋንም እንያት። የጌሙን ምስል የሚያወጣውን ካርድ ግን ከዚህኛው ነቅለን እዚያኛው ላይ እንሰካው፤ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ።»

ነጋዴው ካርዱን አየ፣ እሷን አየ። «ካቻቢቴ ካለዎት እኔ እሠራዋለሁ» አለችው። ሚስቱ ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠቻት። እህቴ መሬት ላይ በጉልበቷ ተቀመጠች፣ የሻርፗን ጫፍ ወደ ኋላ ጣለች፣ መጀመሪያ የሣጥኑን ብረት በእጇ ነካች፣ ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች። ካርዱን በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ሳበችው። የታችኛውን አቧራ እፍ አለችና ሰካችው። እጆቿን አየሁ። በዐረብ ሳሙና የተላጡ፣ ቋቁቻ የያዙ እጆች ናቸው፤ ግን አንድም ብሎን አልጣሉም።

ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ አንዱን ብቻ መለወጥ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ይህን ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ጽፌዋለሁ። በሰው እጅ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። የሠራችውም ቁርሷንም ምሳዋንም ያልበላች፣ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች እህቴ ናት። ኮርቻለሁ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን ከኩራቱ በፊት የመጣው እፍረት ነው።

አበራችው። ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ሠርግ፣ ያንኑ ማጣሪያ ከፈተች። ሦስቱን ቁልፎች ተጫነች። አሁን አራት ሳጥኖች ናቸው። መስመሮቹ ወጡ፣ ወረዱ፣ ግማሽ ላይ ረጋ አሉ። ተጫዋቾቼ ሮጡ። ነጋዴው ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደና ራሱ መጫወት ጀመረ፤ ሙሽራዋ ከኋላ እየተቀየረች፣ ቫይረሱ እየተለቀመ፣ እሱ ጎል አገባ።

«ወላሂ!» አለ። «ይኼን ሣጥን ስምንት ወር ከጠረጴዛ ሥር በእግሬ ስገፋው ነው የኖርኩት።»

አልዋሸንም ነበር ማለት እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይበልጣል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ መምህር ተብዬውም መስክሬለታለሁ። ባለ አራት ኮሩ ዋጋው ከባለ መብራቱ ስላነሰ፣ በተረፈው ካርዱን ገዛን፣ ሚሞሪ ጨመርን፣ የመካነ ሰላም መብራት እንዳያቃጥለውም ስታብላይዘር ያዝን። ነጋዴው ራሱ በካርቶን አሽጎ አሰረው። ስንሰናበት እህቴን «ከዚህ ሱቅ ደሞዝ ቆርጬልሽ ቁጭ በይ» አላት። እየቀለደ አልነበረም።

ማታ አክስታችን ቤት የመግሪብ አዛን እስኪል ካርቶኑን ከጎኗ አላራቀችም። በተምር አፈጠረች፣ ሰገደች፣ ከዚያ ሾርባዋን መጠጣት ጀመረች። እኔ ስጠባበቅ ቆየሁና «ሐሙስን አውቀሽ ነው የመረጥሽው?» አልኳት።

«ሰኞም ይሆን ነበር» አለችኝ። «ሰኞ ለመግዛት ግን እሑድ መነሳት ነበረብን።»

የምትጾመው ሰኞና ሐሙስ ነው። ሌላ አልጠየቅኳትም፤ ግማሹ ገብቶኝ ነበር፤ ሙሉው እንደገባኝም መስሎኝ ነበር።

ጌም ቤቱ የተከፈተው በገበያ መውጫው መንገድ ላይ፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ክፍል ተከራይታ ነው። የመጀመሪያው የገበያ ቀን እናታችን ጠዋት መጥታ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከእግሯ ሥር ያለውን ጥቁር ሣጥን ስታይ ቆይታ «ይኼ ነው?» አለች። እሱ ነው አልናት። ዝቅ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ይሞቃል» አለች፤ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓዋን አደረገችና እፍ አለችበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሰው ከበር አልጠፋም። አራት ጎረምሶች ተራ ይጠብቃሉ፣ አንድ ሽማግሌ መንዙማ እስኪጫንላቸው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆማሉ፣ ከደጋ የወረዱ ባልና ሚስት የልጃቸውን ሠርግ ያስቀይራሉ። እህቴ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር የምትቸኩል አትመስልም፤ አንዷ እህቴ አራት ሆና ታየችኝ። ጨዋታው አንዴም አልተያዘም። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ያችን የሳጥኖች ገጽ እንድትከፍትልኝ ለመንኳትና ቀኑን ሙሉ ገጹን ሳይ ዋልኩ። ባለ ባጃጁ አጎቴም መጥተው ነበር፤ ጆይስቲክ ይዘው አልለቅም ማለታቸውን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል፤ ይኸው ተናገርኩ።

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቅኩም። መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን የተዘጋንበት ጊዜ ነበር፤ እሷ በላፕቶፗ ባትሪ ሪፖርት እየተየበች አለፈችው። የኮምፒውተር መምህራችንን ሳይቀር ትምህርት ቤታችን የሚገዛውን ማሽን እንድትመርጥለት ሲያማክራት አይቻለሁ። እኔን አላማከረኝም፤ ትክክል ነው።

ዓመቱ በሞላ ሰሞን ደላላው ደወለ። ከገበያ ቀን ማግስት ነበር፤ ጌም ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው የለም። ቪዛው ሊያልፍ ነው፣ ቁርጥሽን ንገሪኝ ይላታል፤ ድምፁ ከስልኩ ይሰማኛል። «አልመጣም» አለችው። «አላህ ይስጥልኝ በልልኝ፤ ደህና ሰዎች ናቸው፤ ግን አልመጣም።» ስልኩን አስቀመጠችና ኪቦርዱን በጨርቅ መወልወል ቀጠለች። እናቴ ይህን ስትሰማ የምትሆነውን አስቤ እንባዬ መጣ። «ያን ሐሙስ ብትበዪ ኖሮ ዛሬ አውሮፕላን ላይ ነበርሽ» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«አባባ ሲሞት የደወልክልኝ ከምሳ በኋላ ነበር» አለችኝ። «ከእነሱ ጋር በልቼ ሰሃኑን እያጠብኩ ነበር። እመቤቲቱ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ልሂድ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ጋሼ፤ ከፈትኩት። ግን ምግባቸው ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም። አራት ዓመት አብልተውኛል፤ እንዴት ብዬ ሥራችሁን ትቼ ልሂድ እላለሁ? ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ልጠይቃት እያልኩ ማዕድ በቀረበ ቁጥር እበላለሁ፤ በበላሁ ቁጥር አፌ ይዘጋል። በኋላማ አርባው አለፈ። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት፤ የምጠይቀው ነገር ካለኝ ሳልጠይቅ የሰው እህል አልቀምስም ብዬ።»

«ብትጠይቂያቸው ይከለክሉሽ ነበር?» አልኳት።

«እሱን ነው የማላውቀው» አለችኝ። «አልጠየቅኳቸውም።»

ኪቦርዱን ወልውላ ጨረሰችና ጨርቁን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ ልቧ ደንድኗል ብዬ ስይዝባት የኖርኩትን ልነግራት አስቤ ነበር፤ አልነገርኳትም። እኔን አንድ ምሳ አፌን ዘግቶኝ ነበር፤ እሷ የበላችው አራት ዓመት ነው።